በዓል የሚያከብር ግድግዳ

ከእናቴ ግቢ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ጉድጓዱ መቆፈር ሲጀምር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይኼን መደበቅ አልፈልግም። ቦታው ለዓመታት ቆሻሻ መጣያ ሆኖ ኖሯል። በቆርቆሮ ታጥሮ፣ ኤክስካቫተር ገብቶ፣ ፎቅ ሊሠራበት ነው ሲባል «እሰይ፣ ከአይጥ ተገላገልን» ያልኩት እኔ ነኝ። እናቴ ግን አጥሩ ላይ የተሰቀለውን የሕንፃውን ሥዕል ብዙ ካየች በኋላ «ወደ ላይ ይኼን ያህል የሚሄዱ ከሆነ ወደ ታችስ ስንት ሊሄዱ ነው?» አለች። መካኒሳ አቦ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያይ እናቴ ወደ ታች ታያለች። ሳቅሁባት።

ግቢያችን ጠባብ ነው። ከፊት ትልቁ ቤት፣ ከኋላ አጥሩን ተደግፎ የተሠራ አንድ ሰርቪስ ክፍል አለ። የሰርቪሱ የኋላ ግድግዳ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ ግንብ ነበር። ጉድጓዱ የተቆፈረው ከዚያ ግንብ ጀርባ ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው። በክፍሉ ውስጥ የሚኖሩት ደግሞ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ ከተማ ከመሆኑ በፊት ጤፍና ሽምብራ የዘሩበት፣ ከብት ያሰማሩበት የአባታቸው መሬት ነበር። መሬቱ ቁራጭ በቁራጭ ሄዶ፣ ሚስታቸውም ሞተው ብቻቸውን ሲቀሩ እናቴ «የራስዎ መሬት ላይ ለማደር ማን ፈቃድ ይጠይቅዎታል» ብላ አስገባቻቸው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ዶሮዎቿን ይፈታሉ፣ ማታ በሩን ይዘጋሉ፤ ሌላ ድምፅ አልነበራቸውም።

ቁፋሮው በተጀመረ በሁለተኛው ወር ከአባባ አልጋ በላይ ስንጥቅ ታየ። ከጣራው ሥር ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ፣ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ነገር ነው። እሳቸው ጭቃ በእፍኛቸው አቡክተው ስንጥቁ ላይ ለጠፉበት። «ግድግዳው ከሄደ ይኼ ይሰነጠቃል» አሉ። በሳምንቱ ተሰነጠቀ። ሌላ ለጠፉ፤ እሱም ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ሲሰነጠቅ ልብሳቸውን በሁለት ማዳበሪያ ከተው፣ ፍራሻቸውን ጠቅልለው በገመድ አሰሩና ሰበታ ወዳለችው ልጃቸው ሊሄዱ እንደሆነ ለእናቴ ነገሯት።

እናቴ ፉሪ ቤቴ ሳለሁ ደወለችልኝ። «አባባ ሊሄዱብኝ ነው» አለች። «በጭቃ ነው የፈረዱት። ያ የምትለፊበት ማሽን ግድግዳ ያያል አላልሽም? ነይና እይልን፤ የሚሄዱም ከሆነ አውቀን ይሂዱ።»

የምለፋበት ማሽን የምሠራበት ቤተ ሙከራ ውስጥ የገጣጠምኩት ነው። ሆሎግራም ሲባል ሰው የሚያስበው አየር ላይ የሚንሳፈፍ ሥዕል ነው፤ የኛ እንዲያ ዓይን የሚያስደስት ነገር አይደለም። አንድ የሌዘር ጨረር ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ግድግዳው ላይ አርፎ ይመለሳል፣ ሌላው በአቋራጭ ይመጣል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚፈጥሩትን ዝብርቅርቅ ካሜራው ይመዘግባል፤ ከዚያ ዝብርቅርቅ ውስጥ ኮምፒውተሩ ግድግዳውን በሒሳብ መልሶ ያወጣዋል። አሁን የተመዘገበውን ቅድም ከተመዘገበው ጋር ሳስተያየው፣ ግድግዳው በሁለቱ መካከል የፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ ያህል ከሄደ ምስሉ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ይወጣል። እጥፉን ከሄደ ሁለት መስመር። ግድግዳ ሊዋሽ ይችላል፣ መስመር አይዋሽም እያልኩ እኩራራ ነበር።

በሚታይ ብርሃን ይኼን ለመሥራት የማይነቃነቅ ከባድ ጠረጴዛ ያስፈልጋል፤ ሰው አጠገቡ ሲተነፍስ እንኳ ይበላሻል። የኔ ሌዘር ግን ሞገዱ ከሚታየው ብርሃን ሃያ እጥፍ ያህል ይረዝማል፣ ስለዚህ ትዕግሥት አለው፤ ጓሮ ውስጥም ይሠራል። ቱቦው የሠርግ ስጦታ ላይ ስም የሚቀርጹበት ዓይነት ነው። ብስራተ ገብርኤል ካለ አንድ የቅርጽ ሱቅ አሮጌውን ለምኜ አምጥቼ፣ በባልዲ ውሃ እንዲቀዘቅዝ አድርጌ ገጠምኩት። ብርሃኑን ዓይን አያየውም፣ ተራ ካሜራም አያየውም። የሚያየው የሰውን የገላ ሙቀት የሚያየው የሙቀት ካሜራ ነው። ስለዚህ አንዱ ምስል ሁለት ነገር ይይዛል፤ የግድግዳውን እንቅስቃሴ፣ እንዲሁም ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ ሙቀት። ሙቀቱ ለኔ ሥራ ትርፍ ነገር ነው። ፕሮግራሙን ስጽፈው ሙቀቱን እንዲያጠፋ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ የሄድኩት ረቡዕ ቀን ነበር። ዕቃዬን ከሰርቪሱ በር ፊት፣ ግቢው ውስጥ ተከልኩ። በሩ ተከፍቶ ካሜራው ከአልጋው በላይ ያለውን ስንጥቅ ያያል። ከጓሮ ኤክስካቫተሩ ያጓራል፣ ገልባጭ መኪና አፈር ጭኖ ይወጣል። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ይሮጡ ጀመር። ቆጥሬ ሳልጨርስ ሌላ ይመጣል፣ ሌላ ይመጣል። ተናደድኩ። «በዚህ ግርግር ምን ይለካል!» ብዬ ነቃቅዬ ሄድኩ። ማንኛውም የሙያ ባልደረባዬ እንደዚያው ይል ነበር። እኛ የተማርነው ጸጥ ያለ ሰዓት መፈለግን ነው።

ጸጥ ያለ ሰዓት ደግሞ ሰፈሩ ራሱ ሰጠኝ። የጉድጓዱ ሠራተኞች አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ናቸው፤ እሑድና በወር በአምስት፣ በአቦ ዕለት፣ አፈር አይነኩም። ፎርማኑም ያው ነው። በእነዚያ ቀኖች ኤክስካቫተሩ ክንዱን አጥፎ ይተኛል፣ መኪናውም አይመጣም። እናቴ «መሬትም ትረፍ እንጂ» ትላለች። እሑድ ጠዋት ዕቃዬን ተከልኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ ለካሁ። ሁለት መስመር ወጣ፤ ሁለቱም ፀሐይ ጣራውን ስታሞቀው የሚመጡ ዓይነት ናቸው። ግድግዳው ቆሟል።

አባባ ከጎኔ ቆመው ስክሪኑን ያያሉ። «ይኼ የምትይው ግድግዳዬ ነው?» አሉ። ነው አልኳቸው። ወደ ክፍላቸው ገብተው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና «እኔስ የታለሁ?» ብለው ጮኹ። ጨረሩን አዳክሜ በትኜዋለሁ፣ ቆዳ እንኳ አያሞቅም፤ ስለዚህ አልከለከልኳቸውም። ስክሪኑ ላይ እሳቸው በተቀመጡበት የሰው ቅርጽ ያለው ጥቁር ባዶ ነገር አለ። ወጥተው ሲያዩት ክፉኛ ደነገጡ። «ጥቁሩ እርስዎ ነዎት፣ አባባ። ሰው ዝም ብዬ ተቀመጥኩ ቢል ደረቱ ይነሣል፣ ይወርዳል። ማሽኑ ደግሞ የሚይዘው የማይንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው። የጠቆሩት ስለሚተነፍሱ ነው።» ትንሽ አሰቡበትና ሳቁ። «እንግዲያ ጥቁር ሆኜ ልክረም» አሉ።

ከዚያ ዋናውን ጠየቁኝ። «ልሂድ ወይስ ልቀመጥ?»

የት ይሄዳሉ አልኳቸው። ግድግዳው አይንቀሳቀስም፤ ከእኛ ከሁላችን በላይ ይኖራል። እናቴ እልል ለማለት ምንም አልቀራትም። አባባ የጠቀለሉትን ፍራሽ ገመዱን ፈትተው አልጋው ላይ ዘረጉት። ሲፈቱት አይቻለሁ፤ ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር በጥርሳቸው ነው የፈቱት።

አራት ወር እንዲህ ሄደ። በየሁለት እሑዱ፣ አንዳንዴም በአቦ ዕለት እመጣለሁ፣ እተክላለሁ፣ እለካለሁ። ሁልጊዜ አንድ ወይም ሁለት መስመር። ዕቃው ሲነሣ ያለፈው መለኪያ ይበላሻል፤ የዛሬን ከባለፈው ሳምንት ጋር ማስተያየት አይቻልም፤ በየጊዜው ከዜሮ ነው የምጀምረው። ይኼን አውቃለሁ። አውቄም አላሳሰበኝም፣ ምክንያቱም በየጊዜው የማየው ግድግዳ ቆሞ ነው።

አባባ ጭቃ መለጠፋቸውን አላቆሙም። ጭቃውም መሰንጠቁን አላቆመም። አንድ እሑድ ደርዘን የሚሆን የተሰነጠቀ ጭቃ ግድግዳው ላይ ተደርድሮ ሳይ ቁጣዬ መጣ። «ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አባባ! ይኼን ገበሬ እንኳ ያውቀዋል» አልኳቸው። አፍ አመለጠኝ። ገበሬው እሳቸው መሆናቸውን ከተናገርኩ በኋላ ነው ያሰብኩት። እሳቸው አልተቆጡም። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ዘርግተው፣ የላም ሆድ እንደሚዳስስ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ በኦሮምኛ። «ይኼ አፈር ኮቲቻ ነው። በበጋ አፉን ይከፍታል፣ በክረምት ያብጣል። እዚህ ከጀርባው ደግሞ ምንጭ ነበር፤ ከብት ያጠጣሁበት። ውሃ ቤቱን አይረሳም።»

«እጅዎን ያንሡ» አልኳቸው። «ሙቀትዎ ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ሥራዬን ያበላሹብኛል።» እውነቴን ነው፤ እጃቸውን ካነሡ በኋላ ስክሪኑ ላይ አምስት ጣታቸው ለብዙ ደቂቃ ሲያበራ ይቆያል። ፕሮግራሙ እስኪያጠፋው ጠብቄ መለካቴን ቀጠልኩ።

አሁን ሳስበው ምልክቱ በዝቶ ነበር። የክፍሉ በር መዝጋት እምቢ አለ፤ አባባ ጠርዙን በቢላ ፋቁት። ከወር በኋላ ደግሞ ፋቁት። ወለሉ ጥግ ላይ እርጥብ አፈር ይሸታል፣ ዝናብ ሳይዘንብ። እናቴ «ሽታው ደስ አይለኝም፤ የተከፈተ መቃብር ነው የሚሸተው» ስትለኝ «ፍሳሽ ይሆናል» አልኳት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እኔን ግን ያሳሳቀኝ ውሃው ሳይሆን የገዛ ስክሪኔ ነው።

የመጨረሻው ቀን አቦ ነበር፣ የክረምቱ ደመና መጣል ሲጀምር። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ሥራ ቦታዬ ፈቃድ ጠይቄ ማልጄ መጣሁና እንደ ልማዴ ዕቃዬን ከበሩ ፊት ተከልኩ። ልክ ሌዘሩን ሳበራ ከጓሮ ኤክስካቫተሩ አጓራ። ደንግጬ አጥሩ ጋ ሄድኩና በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁ። ሠራተኞቹ የማላውቃቸው ናቸው፤ የድሮዎቹ የሉም። ዝናብ ሳይገባ መሠረቱን ለመጨረስ ነው መሰል ቁፋሮው በጥድፊያ ነው። ጉድጓዱን ከላይ ሆኜ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ታቹ አይታየኝም።

አንድ ቀን ፈቃድ ማባከን አልፈለግሁም። ተመልሼ መለካት ጀመርኩ። መስመሮቹ ይሮጡ ነበር። እንደ መጀመሪያው ረቡዕ፣ ከዚያም የባሰ። የመስተዋቶቹን ብሎን አጠበቅሁ፤ ይሮጣሉ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፤ ይሮጣሉ። የማቀዝቀዣው ባልዲ ውስጥ ውሃው ክብ ክብ እየሠራ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ባልዲውን ከፍ አድርጌ ጡብ ላይ አስቀመጥኩት። አባባ ደግሞ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ዶሮዎቹ አንዳቸውም ከሰርቪሱ በኩል አልሄድ ብለው ትልቁ ቤት በረንዳ ላይ ተከማችተዋል፤ እሳቸው እየዞሩ እሽ ይላሉ፣ ወደ ግድግዳው ያያሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ።

«ልጄ፣ ዛሬ ይቅር» አሉኝ። «በአቦ ዕለት መሬት ሲቆፈር አይቼ አላውቅም። ደስ አላለኝም።»

«ወዲያ ወዲህ ማለትዎን ይተዉና እኔም ደስ ይበለኝ!» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ማለቱ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «እርምጃዎ ነው የሚረብሸኝ። ይግቡና አልጋዎ ላይ ይቀመጡ። እስክነግርዎ ድረስ እንዳይንቀሳቀሱ።»

አዩኝ። የሚሉት ነገር የነበራቸው ይመስለኛል። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፣ እኔ በልጅነቴ በትከሻቸው ላይ ሆኜ ጥምቀት ያየሁ። «እሺ» ብለው ገቡ። ስንጥቁ አጠገብ ሲደርሱ መዳፋቸውን ለአፍታ ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

መስመሮቹ አልቆሙም።

አሁን ሰበብ የሚሆን ሰው የለም። ግቢው ውስጥ እግሩን የሚያነሣ የለም። አስተዋልኩ፤ ሁሉም ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሮጡት። አንድም ወደ ኋላ የሚመለስ የለም። ንዝረት እንዲህ አያደርግም። ንዝረት ይሄዳል፣ ይመለሳል። ይኼን አንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነገር እየሄደ ነው ማለት ነው። ያ የመጀመሪያው ረቡዕ ትዝ አለኝ፤ ያኔም ከግራ ወደ ቀኝ ነበር። አራት ወር ሙሉ የለካሁት ቁፋሮው ሲያርፍ አብሮ የሚያርፈውን ግድግዳ ነው። ግድግዳው በዓል ሲያከብር እየመጣሁ ቆሟል ብዬ መስክሬለታለሁ።

«አባባ» አልኩ። የሚቀጥለውን ቃል፣ ይውጡ የሚለውን፣ ልናገረው አልናገረው አላውቅም።

ድምፁ ያሰብኩትን ያህል አልነበረም። ረጅም ትንፋሽ ነበር። ግድግዳው ወደ እኛ አልወደቀም፤ ወደ ጀርባው ሄደ፣ ወለሉንም ይዞት ሄደ። አቧራው ወዲያው ሁሉንም ነገር ሸፈነው፤ በሩ የነበረበት ነጭ ሆኖ ቀረ። ካሜራው አቧራ አያግደውም። ስክሪኑን ባየሁ ጊዜ አቧራው እዚያ ውስጥ የለም፣ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። የበሩ መቃን አለ። ከበሩ ወዲያ ግድግዳው በነበረበት ቀዝቃዛው ሰማይ ነው ያለው። አልጋ የለም።

ጉድጓዱ ውስጥ መጀመሪያ የደረሰው የኤክስካቫተሩ ሹፌር ነው፤ ማሽኑን አቁሞ በባዶ እጁ ይጭር ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ ወረደ። እኔ ካሜራውን ከማቆሚያው ነቅዬ ወረድኩና አፈሩ ላይ ይዤ ቆምኩ፣ ሙቀት አገኝ እንደሆነ። ግማሽ ክንድ አፈር የሰው ሙቀት እንደማያሳልፍ አውቃለሁ። ቢሆንም ያዝኩት። የሚታየኝ የሚቆፍሩት ሰዎች እጅ ብቻ ነው፣ በየነኩት ድንጋይ ላይ ጣታቸው እያበራ የሚቀር። ከቀትር በኋላ አገኟቸው።

ድንኳን ተጣለ። ልጃቸው ከሰበታ መጣች። አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት ከእናቴ ጎን ተቀምጣ «ፍራሹን ጠቅልያለሁ፣ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር እኮ። ክፍሉን ጠርጌ ጠበቅሁት። ምን አስቀረው?» አለች። እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ከፊታቸው ነበርኩ፣ ውሃ ይዤ። «እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው» አልኳት። ሰማችኝ፤ ግን እንደ ሐዘንተኛ ወግ ቆጠረችውና «አይ አንቺ፣ ምን አደረግሽ» ብላ እጄን ያዘችኝ። ሁለተኛ ለመናገር ድፍረቱ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም ሄጄ አልነገርኳትም።

ላፕቶፑ ተርፏል። አርባ ካለቀ በኋላ እናቴ «አሳዪኝ» አለችኝ። ላሳያት አልፈለግሁም፤ እሷ ግን ስትወስን ወሰነች ነው። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩላት። መጀመሪያ ያሳየኋት ፕሮግራሙ ሙቀቱን ሳያጠፋ ያለውን ነው። በየእሑዱ መጀመሪያ ላይ አንድ የሚያበራ መዳፍ አለ፣ ስንጥቁ አጠገብ፣ አንዳንዴ ዝቅ ብሎ አንዳንዴ ከፍ ብሎ። በአራት ወር ውስጥ ግድግዳው ላይ እጃቸውን ያላሳረፉበት የመለኪያ ቀን የለም። እኔ እያጠፋሁት ነበር።

ከዚያ የመጨረሻውን ምስል ከፈትኩ። ግድግዳው በመስመር ተሞልቷል፣ እርስ በርስ እስኪነካኩ ድረስ። ከታች ከመካከል የሰው ቅርጽ ያለው ጥቁር ነገር አለ፤ ራስ፣ ትከሻ፣ ጉልበት ላይ ያረፈ ክንድ።

«የታሉ?» አለች እናቴ።

«ጥቁሩ ናቸው።»

«ለምን ጠቆሩ?»

«ስለሚተነፍሱ ነው» አልኳት።

እናቴ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ የትከሻቸውን ጠርዝ ተከትላ ወረደች። ከዚያ ሳታየኝ፣ ቀስ ብላ፣ «እንዴት አድርገው ዝም ብለው ተቀመጡልሽ» አለች።